ግድግዳው ላይ ያለችው ልጅ

ይህን እስከ ዛሬ ለእናቴም አልነገርኳትም፤ ያሳፍረኛል።

ተመርቄ ሥራ ስፈልግ፣ ቤቴል ያለ አንድ የወጣቶች ማኅበር ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። የዓለምን ድህነት እናጠፋለን የሚሉ፣ አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሱ እኩዮቼ ናቸው። ድህነት እስኪጠፋ ማኪያቷቸውን ይጠጣሉ።

ገብቼ ስቀመጥ፣ ከጠያቂዎቹ ጀርባ ግድግዳውን የሞላ ፎቶ አየሁ። እኔው ነኝ! እኛ ሰፈር፣ 18 ማዞሪያ፣ ውኃ ሲጠፋ ቦቴ ይመጣል፤ ባለ ፎቁም ተከራዩም ጄሪካኑን ይዞ ይሰለፋል። እኔም በቤት ቀሚስ፣ ፀጉሬን ሳላበጥር ተሰልፌ ሳለሁ ነው ሳይጠይቁኝ ያነሱኝ። ከሥሩ «ተስፋ አልቆረጥኩም» ብለው ጽፈውበታል።

አሁን ግን ፀጉሬን ተሠርቼ የእህቴን ኮት ለብሻለሁ። ማንም አላወቀኝም።

«ድህነትን በቅርብ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ ሊቀመንበሩ፣ እስክሪብቶውን እያሽከረከረ።

ሳፍር አፌ ይተሳሰራል። የኮቱን ቁልፍ መነካካት ጀመርኩ።

«ይኸው ነው ችግራችሁ» አለች አጠገቡ የተቀመጠችው። «ተምራችሁ ሕዝቡ ውስጥ አትገቡም። እኛ እኮ 18 ድረስ በእግራችን ገብተናል!»

ሥራውን በጣም እፈልገው ነበር። እንደ ምንም ደፍሬ ልነግራቸው አሰብኩና ወደ ፎቶው ጠቆምኩ።

«ይቺ ልጅ... ማን ናት?»

የሁለቱም ፊት በራ።

«የኛ ኩራት ናት! ስናገኛት አልቅሳ አስለቀሰችን።»

«አሁንስ የት ናት?»

«አሁንማ» አለ ሊቀመንበሩ ወንበሩን ደገፍ ብሎ፣ «ጥሩ ሥራ አስይዘናታል።»