እስከ እሁድ የተደበቀ መርዶ

እትዬ ሸዋረጋ በእናቷ ሳትምል ወሬ አትጨርስም ነበር። ሽንኩርቱ ቢያርርባት «እናቴ ትሙት፣ ዞር ያልኩት ለደቂቃ ነው» ትላለች። ደንበኛ ጨው በዛ ቢል «እናቴ ትሙት፣ ምላሱን አሞት ነው» ትላለች። የፒኮ መንገድ አውቶቡስ ጥሏት ቢሄድ ሾፌሩ እያያት እንደሄደ በእናቷ ትምላለች። ፌርፋክስ መንገድ ላይ ያለው የውብነሽ ምግብ ቤት ከተከፈተ ጀምሮ ወጡን የምትሠራው እሷ ናት። ከዚያ በፊት ኮሪያታውን ሰፈር ውስጥ ከአራት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተካፍላ፣ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ስታጥፍ ኖራለች። ባልም ልጅም የላትም። ያላት ደብረ ብርሃን ያለች እናትና ዳላስ ያለ ወንድም ነው፤ በወንድሟ ግን ምላ አታውቅም።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1989 በኖቬምበር መጀመሪያ፣ ሐሙስ ማታ፣ እናቷ መሞታቸው ተሰማ። ስልኩ የተደወለው ወደ ምግብ ቤቱ ነበር። ያነሳችው ውብነሽ ወሬውን እንደሰማች ዕቃ ማስቀመጫው ክፍል ገብታ አፏን በመሃረብ አፍና አለቀሰች። ሸዋረጋ ከግድግዳው ወዲያ ማዶ ምስር ታማስል ነበር።

ያን ማታውኑ ጋሼ ንጋቱ ሚድ ሲቲ ሰፈር ወዳለው ቤቴ መጥተው ታክሲያቸው ውስጥ አስቀመጡኝ። ጋሼ ንጋቱ አገር ቤት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። እዚህ ታክሲ ይነዳሉ፣ ደግሞም ማንም ሳይሾማቸው የሰፈራችን መርዶ ነጋሪ ሆነዋል። ማን በማን በኩል፣ መቼ ይነገረው የሚለውን የሚቆርጡት እሳቸው ናቸው። እኔ ልማዱን ድሮም አልወደውም። የሞተ ሰው ደብቀው ቋሚውን እያሳቁ ማዋል እንዴት ደግነት እንደሚባል አይገባኝም። ይህን ለእሳቸው ለመንገር ግን ወኔው አልነበረኝም።

«ሶ ስሚኝ ኤልፍነሽ» አሉኝ። «ወንድሟ ሀይለገብርኤል ቅዳሜ ማታ ከዳላስ ይገባል። ሰዉም ኦፍ የሚሆነው እሁድ ነው። እሁድ ጎህ ሲቀድ ቤቷ ሄደን እንነግራታለን። እስከዚያ ፌርፋክስ ላይ ከዋለች ከአንዱ ፊት ላይ ታነበዋለች። ከከተማ አውጫት።»

«ጋሼ፣ እኔ መዋሸት አልችልበትም።»

«ማን ዋሺ አለሽ? ዝም በይ ነው ያልኩሽ።»

ወንድይፍራውን አነሱብኝ። ወንድይፍራው የፓርኪንግ ሠራተኛ ነበር። የታላቅ ወንድሙን ሞት ብቻውን በስልክ ሰምቶ ሦስት ቀን በሩን ዘጋ። በሩ ተሰብሮ ሲገባ ወለል ላይ ወድቆ ተገኘ፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ልቡ አልተመለሰም። ሸዋረጋ ደግሞ ደም ግፊት አለባት፣ በዚያው በጋ ወጥ ቤት ውስጥ ተዝለፍልፋ ወድቃ አንስተናታል።

«ይቺ ሴት ብቻዋን ከሰማች ትሞትብናለች» አሉኝ። «አደራ!»

የምወስዳት ቦታ ነበረኝ። የምሠራው ቶራንስ፣ የጃፓኖች መሥሪያ ቤት ነው። የአለቃዬ አክስት ከተራሮቹ ወዲያ በረሃው ውስጥ ፍል ውሃ ያለው የእንግዳ ማረፊያ ነበራቸው። ሁለት ሰው ሁለት ሌሊት የሚያድርበት የግብዣ ካርድ ተሰጥቶኝ መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጧል። የካርዱ ቀን ሊያልፍብኝ ነው ብዬ ዓርብ ቀትር ላይ ሸዋረጋን መኪናዬ ውስጥ ጫንኳት። መዋሸት አልችልም ያልኩት እኔ የመጀመሪያውን ውሸት ለመዋሸት አንድ ቀንም አልፈጀብኝም።

«የሚገርምሽ» አለች መንገድ ላይ፣ «ውብነሽ ኦፍ ስጪኝ ስላት ፊቷ እንደ በርበሬ ይቀላ የለ? ዛሬ ራሷ ሻንጣዬን አዘጋጀችልኝ። አቅፋም ሳመችኝ። እናቴ ትሙት፣ ይቺ ሴት ጤና የላትም።»

ከአጠገባችን በሚያልፈው የጭነት መኪና ላይ ልወጣ ትንሽ ቀረኝ። እሷ «ቀስ ብለሽ ድራይቭ አድርጊ!» ብላ መሪውን ያዘችልኝ።

ማረፊያው ዝቅ ያለ የእንጨት ቤት ነው፣ ከሩቅ የድኝ ሽታ ይሸታል። የአለቃዬ አክስት ወይዘሮ ናካጋዋ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው አጭር ሴት ናቸው፣ ደጃፉ ላይ ተንበርክከው ተቀበሉን። ጫማ የሚወልቀው ከደጅ ነው፤ ሸዋረጋ «እንደ ቤተ ክርስቲያን!» ብላ ደስ አላት። ክፍላችን ውስጥ ዝቅ ካለች ጠረጴዛ በቀር ዕቃ የለም። ወለሉ በሰሌን መሳይ ምንጣፍ ተለብጧል፣ ፍራሹ ሲመሽ ይነጠፋል። ተንሸራታቹ በር እንጨትና ወረቀት ስለሆነ ከጎረቤት ክፍል ሰው ሲያስል ይሰማል። እዚህ ቤት ውስጥ ጩኸት ቢወጣ የት ይገባል ብዬ አሰብኩ።

ለእንግዳ የሚሰጠው ልብስ ፊት ለፊቱ ክፍት የሆነ፣ በመቀነት የሚታሰር ሰማያዊ የጥጥ ካባ ነው። ሸዋረጋ የቀኙን ጫፍ ከላይ አድርጋ ታጠቀችው። ሻይ ይዘው የገቡት ወይዘሮ ናካጋዋ ትሪውን አስቀምጠው «ኖ፣ ኖ!» እያሉ ተንደረደሩ፣ መቀነቱን ፈትተው የግራውን ወደ ላይ አመጡት። ቀኙ ከላይ የሚሆነው ለሞተ ሰው ሲያለብሱት ነው አሉ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው።

«እንደኛ ነጠላ ነዋ!» ሸዋረጋ ሳቀች። «እኛስ ለቅሶ ስንሄድ ጥለቱን ወደ ላይ እናደርገው የለ? ክፉ አያሰማን። እናቴ ትሙት፣ እነዚህ ሰዎች የኛው ዘመዶች ናቸው።»

ተነሥቼ መጸዳጃ ቤት ገባሁ፣ ቧንቧውን ከፍቼ ውሃው እስኪበርድ ቆምኩ። ስመለስ ትክ ብላ አየችኝ። ሌሊቱን ፍራሻችን ጎን ለጎን ተነጥፎ ትንፋሿን ስቆጥር ነጋ።

ቅዳሜ ጠዋት ከማረፊያው ወጥ ቤት ባዶ የወተት ጋሎን ለምና መጣች። ውሃው በቀርከሃ ቦይ ከድንጋይ ውስጥ ከሚወጣበት ሥር ደቅና ሞላችው። በእጇም ዘግና ተጎነጨች፤ ፊቷን አጨማደደች፣ አማተበች። ወይዘሮ ናካጋዋ በመስኮት እያዩ አፋቸውን ያዙ። ይህ ውሃ መታጠቢያ እንጂ የሚጠጣም የሚጫንም እንዳልሆነ የነገራት ሰው አልነበረም።

«ለእማዬ ጉልበት ነው» አለችኝ። «የውብነሽ አክስት ለገና ወደ አገር ቤት ትሄድ የለ? እሰድላታለሁ። በዚህ ታሽታ ካልዳነች የያዛት ጉልበት አይደለም። ያዢልኝ እስቲ፣ ክዳኑን ላጥብቀው።»

ያዝኩት። ጋሎኑ ሙቅ ነበር። አዘነበልኩትና ውሃው እግሯ ላይ ፈሰሰ። አሁንም ትክ ብላ አየችኝ።

ወደ መታጠቢያው ገባን። ሴቶች ብቻ የሚገቡበት ሰዓት ነበር፣ ከእኛም ሌላ ሴት አልነበረም። ደንቡ መጀመሪያ በርጩማ ላይ ተቀምጦ በሳሙና መታጠብ፣ አጥርተው ከተለቃለቁ በኋላ ራቁትን ወደ ገንዳው መውረድ ነው። ጀርባዬን አሸችኝ፣ ጀርባዋን አሸሁላት። የገንዳው ድንጋይ ጥቁር ነው፣ ጣሪያ የለውም፣ እንፋሎቱ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ሸዋረጋ እስከ አንገቷ ገብታ ዓይኗን ጨፈነች። አንድ የሰርግ ዘፈን ማንጎራጎር ጀመረች። እንዲህ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። እሁድ ይህን ሁሉ ስታስታውሰው ምን ትለኛለች? እኔ ብሆን ይቅር አልልም። ጋሼ ንጋቱን በልቤ ረገምኳቸው።

ማንጎራጎሯን አቆመች።

«ኤልፍነሽ።»

«ወይ እትዬ።»

«ከትናንት ጀምሮ እናቴ ትሙት ባልኩ ቁጥር ትደነግጫለሽ።»

«ኧረ እኔ! ድካም ነው።»

«ውብነሽ ስማኛለች። ጋሼ ንጋቱ ዓርብ ጠዋት ምግብ ቤቱ በር ላይ ሲያዩኝ መንገድ ተሻገሩ።» ዓይኗን አልገለጠችም። «ምንም የለም?»

«ምንም የለም።»

«እናቴ ትሙት በይ።»

እናቴ ናዝሬት ከተማ በሕይወት አለች። ደብዳቤዋ ከገባ ወር አልሞላውም። «እናቴ ትሙት» ሁለት ቃል ነው፣ በቀን አሥር ጊዜ ለቲማቲም ለሽንኩርት የሚባል ነው። አፌን ከፈትኩ። በሐሰት ብምል ነገ ጠዋት የእኔም ስልክ የሚደወል መሰለኝ። ጋሼ ንጋቱን አሰብኩ፣ ወንድይፍራውን አሰብኩ፣ ደም ግፊቷን አሰብኩ። እንደገና አፌን ከፈትኩ። ቃሉ አልወጣ አለኝ።

ሸዋረጋ ዓይኗን ገለጠች። ማን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። በማን ስትምል እንደምደነግጥ ታውቃለች።

ሁለት እጇን ከውሃው አውጥታ ድንጋዩን ጨበጠች። ደም ሥሯ በግንባሯ ላይ ተገተረ። ተስቤ ሄጄ በብብቷ ሥር ያዝኳት፣ እንዳትሰጥም። ልቧ በእጄ ላይ ይመታ ነበር። እትዬ፣ እትዬ እላለሁ። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ። ጥርሷ ሲንቀጫቀጭ ሰማሁት እንጂ አልጮኸችም።

ፊቷን በውሃው አብሳ «ሀይለገብርኤል ይመጣል?» አለችኝ።

«ዛሬ ማታ።»

«እንግዲያው ነገ ጠዋት ነው።» ስንቱን መርዶ ከነጋሼ ንጋቱ ጋር ሄዳ ነግራለች፣ ለስንቱ ለቅሶ ንፍሮ ቀቅላለች፤ ደንቡን ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች። «እኔ አልሰማሁም። አንቺም አልነገርሽኝም።»

«እትዬ፣ እባክሽ አልቅሺ። እኔ አለሁ።»

«አንቺ ብቻ? እዚህ ባለቅስ ማን ያለቅስልኛል፣ ይቺ ጃፓኗ? ወንድሜስ ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ ለቅሶው አልፎ ይጠብቀው?» ክንዴን ያዘች። «አንቺንም እድሜ ልክሽን ይወቅሱሻል። ደግፊኝ፣ ልውጣ።»

ከቀትር በፊት ወጣን። ወይዘሮ ናካጋዋ ደጃፉ ላይ አጎንብሰው ሲሸኙን ሸዋረጋም እስከ ወገቧ አጎነበሰችላቸው። ጋሎኑን መኪናው ውስጥ አስገባሁና ምን ላድርገው ብዬ ቀና አልኩ።

«ለእናትሽ ላኪላት» አለችኝ።

መንገድ ላይ አንዴ አቁሚልኝ ብላ ወርዳ አስታወከች፣ አፏን ተጉመጥምጣ ተመልሳ ገባች። ሐኪም ቤት እንሂድ ብላት እምቢ አለች። ቤቷ ስንደርስ ሶፋው ላይ ላድር ነው አልኩ። በሯን ገርበብ አድርጋ ጋደም አለች። አልተኛችም፤ እኔም አልተኛሁም።

እሁድ ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። ከመነሣቴ በፊት እሷ ለብሳ ጸጉሯን በሻሽ አስራ ወጣች።

«ማነው በዚህ ሰዓት?» አለች ጮክ ብላ፣ ከውጭ እንዲሰማ።

ራሷ ከፈተች። ጋሼ ንጋቱ ከፊት ቆመዋል፣ ውብነሽ ከጎናቸው፣ ከኋላቸው እስከ ደረጃው ድረስ ሰው ነው። የታክሲ፣ የፓርኪንግ፣ የምግብ ቤት ሠራተኛው ሁሉ ከቅዳሜ ሌሊቱ ሥራ ከነልብሱ መጥቷል። ጋሼ ንጋቱ ኮፍያቸውን አውልቀው «ሸዋረጋ፣ ልጄ» ሲሉ ሀይለገብርኤል ከሰዉ መሃል ወጣ። ነጠላውን ጥለቱን ወደ ላይ አድርጎ ለብሷል።

ጩኸቷ ጎረቤቱን በሙሉ አነቃ። ማስመሰሏ እንዳይታወቅባት ስፈራ ያደርኩት ከንቱ ነበር፤ ከትናንት ጀምሮ በጥርሷ ይዛ የቆየችው ወጣ። «እሷ አፈር ስትገባ እኔ ፍል ውሃ ገባሁ! እሷ ስትቀበር እኔ ዘፈንኩ!» እያለች ደረቷን ስትደቃ ወንድሟ እጇን ያዘ፣ ሰዉ ሁሉ አነባ። እኔ ከሁሉም የባሰ አለቀስኩ። ብቻዋን እንዳትሰማ አደራ ተብዬ ተልኬ ብቻዋን አሰማኋት። አሥራ ዘጠኝ ሰዓት ያህል ከእኔ ጋር ብቻዋን ነበረች።

ጋሼ ንጋቱ ዓይናቸውን እየጠረጉ ወደ ጥጉ መጡና ትከሻዬን ያዙ።

«ጎሽ የኔ ልጅ» አሉኝ። «ምንም ሳታውቅ፣ ገላዋ አርፎ፣ በሰው መካከል ሰማች። አየሽ፣ ልማዱን የምናከብረው ለዚህ ነው።»

ሸዋረጋ ከውብነሽ ትከሻ ላይ ቀና አለች። አየችኝ። በዓይኗ ዝም በይ ስትለኝ ገባኝ።

«አዎ ጋሼ» አልኳቸውና ፊቷን የምትታጠብበት ውሃ ላመጣ ገባሁ።