ሠላሳ አንድ ጊዜ የሞተው ሰላምታ

ፈንታነሽ አያሌው ስትቆጣ አትጮኽም። ፀጉሯን ፈትታ እንደገና ታስራለች። እኔ ዳኛቸው፣ የማኅበሩ መዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ከጠረጴዛዋ ፊት ለፊት አራት ዓመት ስለተቀመጥሁ የቁጣዋን ልክ በዚያው አውቀዋለሁ። በዚያ ረቡዕ ጠዋት እስከ አራት ሰዓት ብቻ አምስት ጊዜ ፈትታ አምስት ጊዜ አስራለች።

ማኅበራችን ደብረ ታቦር ያለ የድንች አምራቾች ማኅበር ነው፤ አባሎቹ የጉና ገበሬዎች ናቸው። ፈንታነሽ ኮምፒውተር ተምራ ስትመለስ አንድ የስልክ መስመር ሠራችላቸው። ገበሬው ይደውላል፤ መስመሩ የሳምንቱን ዋጋ፣ የጭነት መኪናው የሚመጣበትን ቀንና ቦታ በሰው ድምፅ ይነግረዋል። ድምፁ የአባቷ፣ የመጋዘን ጠባቂያችን የአቶ አያሌው ነው። እሳቸው ቀድሞ ገበያ መሀል ቆመው ሲጣሩ ከወንዝ ማዶ የሚሰሙ ሰው ነበሩ። አምና ጉሮሯቸውን ታመው ከታከሙ በኋላ ግን ነፍሳቸው ተረፈች፣ ድምፃቸው ቀረ። ሳይታመሙ በፊት ሰላምታውንም፣ ቁጥሩንም፣ የቦታውንም ስም ቀድታቸው ነበርና ያ ድምፅ አሁን ያለው መስመሩ ላይ ብቻ ነው፦

«እንደምን ከረማችሁ? ሰዉ ደኅና? ከብቱ ደኅና? ውርጩስ ራራላችሁ? አዝመራውስ እንዴት ይዟችኋል? እሰየው። እንግዲህ የሳምንቱ ወሬ ይኸውላችሁ።»

መስመሩ ይኖር የነበረው በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ባለፈው ወር እንዲሁ ጠፋና የጉና ሰዎች በአርባ በቅሎና አህያ ድንች ጭነው ወደ ክምር ድንጋይ ከተማ ወረዱ፤ መኪናው ሌላ ቦታ ነበር። ድንቹን ዝናብ መታው። ሰብሳቢያችን ጋሼ ሞላ በማግስቱ መጡና፣ «ልጄ፣ ይህ ነገር አንድ ጊዜ ቢደገም መስመሩን እዘጋዋለሁ። በደብዳቤና በሰው አፍ ኖረናል፤ ወደፊትም እንኖራለን» አሏት።

ፈንታነሽ ሦስት ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ከየመሥሪያ ቤቱ ለምና አሰባሰበች። ከቴዎድሮስ የጋፋት መድፍ ወዲህ በዚህ አገር ለብረት እንዲህ የተለፋ አይመስለኝም። አንዱን በከተማው መብራት፣ አንዱን በሶላር፣ አንዱን በባትሪ አቆመቻቸው። ሦስቱ አንድ ላይ ክላስተር ይባላሉ አለችኝ። እኔ ወንፈል ብዬዋለሁ፤ የአንዱ በሬ ቢያነክስ ሌሎቹ እርሻውን ይጨርሱለታል። መስመሩን የሚያስኬደውን ፕሮግራም ደግሞ የሚያስፈልገውን ሁሉ ጨምራ ኮንቴይነር የሚሉት የኮምፒውተር መያዣ ውስጥ ከተተችው። ስንቁን በስልቻ የያዘ መንገደኛ ካደረበት ቤት ጨው እንኳ አይጠይቅም። ከሁሉም በላይ ኩበርኔቲስ የሚሉት ተቆጣጣሪ አለ። በየአሥር ሴኮንዱ መስመሩን «አለህ?» ይለዋል። ደጋግሞ መልስ ካጣ ሞቷል ብሎ ያጠፋውና አዲስ ያስነሣል።

መኪናው ሐሙስ ነው የሚመጣው። ገበሬው ረቡዕ ከሰዓት ደውሎ ቦታውን ካልሰማ ያው ያለፈው ወር ጉድ ይደገማል።

ረቡዕ ሦስት ሰዓት ላይ ፕሮግራሙን ሦስቱ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አሰማራችው። ተነሣ። ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ሞተ። እንደገና ተነሣ፣ እንደገና ሞተ፤ ተቆጣጣሪውም በሞተ ቁጥር እስኪያስነሣው የሚጠብቀውን ጊዜ ያረዝማል። እስከ አምስት ሰዓት ድረስ ሠላሳ አንድ ጊዜ ሞቶ ሠላሳ አንድ ጊዜ ተነሣ። አልዓዛር እንኳ አንዴ ነው የተነሣው።

ምክንያቱን ያገኘችው ባሕር ዳር ያለችው የትምህርት ጓደኛዋ ነስሪን ናት፤ ስክሪኑን ከሩቅ አብራት እያየች፣ ድምፁ ከፍ በተደረገ ስልክ ስታወራት ነበር። «አንቺ፣ ተቆጣጣሪው ‹አለህ?› ሲለው ያንቺው ሰውዬ ሰላምታ ይጀምራል እኮ! ሰዉ ደኅና፣ ከብቱ ደኅና እያለ ሃያ ሴኮንድ! ተቆጣጣሪው ከአንድ ሴኮንድ በላይ አይጠብቅም።» እየሳቀች ጨመረች፤ «ሰላምታውን ቁረጪውና በቀጥታ ወደ ዋጋው ይግባ። ወላሂ አሁኑኑ ይሠራል።»

ጥፋቱ የፈንታነሽ ነው፤ ግን እስቲ ፍረዱ፣ በእኛ አገር ሰላም ሳይባባል መልስ የሚሰጥ ማን ነው? የመጣው ሁሉ እንግዳ ነው ብላ ለሁሉም አንድ በር ከፈተች።

ጋሼ ሞላ በራፉ ላይ ሆነው ሰምተዋል። «ይቆረጥ እንግዲህ» አሉ። ቁልፍ ሊያስረክቡ የገቡት አቶ አያሌውም ልጃቸውን አዩና በሁለት ጣታቸው የመቀስ ምልክት አሳዩዋት። ቁረጪው ማለታቸው ነው። ከዚያ ወደ መጋዘናቸው ተመለሱ። ፈንታነሽ ፀጉሯን ስትፈታ ዓይኗን እንባ ሞልቶት ነበር። «አልቆርጥም» አለች። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ ጋሼ ሞላን በዚያች ሰዓት ጠላኋቸው።

እሳቸው ግን ወደ ግቢው ወጥተው እንደ ልማዳቸው ተጣሩ። «አያሌው! አለህ?»

ኳ፣ ኳ።

አቶ አያሌው ድምፃቸው ከጠፋ ወዲህ የሚዛኑን ብረት ሁለት ጊዜ ይመታሉ። አለሁ ማለት ነው። ጋሼ ሞላም ሌላ ሳይጠይቁ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

የፈንታነሽ እጅ ፀጉሯ ውስጥ ቀረ። «ዳኛቸው፣ ሰማህ?»

«ምኑን?»

«ጋሼ ሞላ እኮ ስለ ከብቱ አልጠየቁም! መኖሩን ብቻ ነው የጠየቁት። ለዚህ ሁለት ኳ ይበቃል።»

ለተቆጣጣሪው የጓሮ በር ሠራችለት። በዚያ ሲመጣ ፕሮግራሙ አጭር «አለሁ» ብቻ ይመልስለታል። ሰው ሲደውል ግን በዋናው በር ከነሙሉ ሰላምታው ይቀበለዋል። ነገሩ በሙሉ ጥቂት መስመር ጽሑፍ ነበር። ሰባት ሰዓት ላይ እንደገና አሰማራችው። አንድ ደቂቃ አለፈ፣ አምስት ደቂቃ፣ ሩብ ሰዓት። አልሞተም።

ጋሼ ሞላ ተመልሰው መጡ፤ በዓይናቸው ካላዩ አያምኑም። ፕሮግራሙ የትኛው ኮምፒውተር ላይ እንዳለ ጠየቁና ሄደው ገመዱን ከግድግዳው ነቀሉት። እኔ ደንግጬ ተነሣሁ። ፈንታነሽ ከወንበሯ አልተነቃነቀችም። «ጥቂት ደቂቃ ይስጡት ጋሼ፣ ወደ ጎረቤቱ እየተሻገረ ነው» አለች።

ሻይ የሚጠጣበት ጊዜ ያህል ቆይተው ደወሉ።

«እንደምን ከረማችሁ?» አለ የአቶ አያሌው ድምፅ። «ሰዉ ደኅና?»

ጋሼ ሞላ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እግዜር ይመስገን» አሉት ስልኩን።

«ከብቱ ደኅና?»

«ደኅና ነው፣ እግዜር ይመስገን።»

«ውርጩስ ራራላችሁ?»

ጋሼ ሞላ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገው እንደያዙ ወደ ግቢው ወጡና ወደ መጋዘኑ ዘረጉት። «አያሌው!» አሉ። «ስማ እንጂ፣ አንተ እኮ ነህ! አለህ?»

መጋዘኑ ውስጥ ብረቱ ሁለት ጊዜ ተመታ። ትንሽ ቆየና ሦስተኛ ተመታ፣ ከዚያም ምቱ ማቆሚያ አጣ።

ፈንታነሽ ወደ ውጭ አልወጣችም። ከጉና የመጀመሪያዎቹ ጥሪዎች መግባት ጀምረው ነበርና ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች። ሐሙስ ጠዋት በቅሎዎቹ ሲወርዱ መኪናው በተባለው ቦታ ቆሞ ጠበቃቸው።