ወደ ጎሬ፣ የኋሊት

ባለፈው ሳምንት እማዬን ጎሬ ለማድረስ መቱ መናኸሪያ በር ላይ ሚኒባስ ስንጠብቅ፣ በላስቲክ ጠርሙስ ቤንዚን የሚቸረችር ወጣት ለአንድ ባለ ሞተር ሲቀዳ ጫማዬ ላይ ደፋብኝ፤ ይቅርታ ሲለኝ እንኳ በቅጡ አልሰማሁትም። ሌላ ሰው የእናቱን ልብስ በሽቶ ያስታውሳል፤ እኔ የእናቴን ነጠላ የማስታውሰው በቤንዚን ነው። ለዚህ ተጠያቂዎቹ አባቴ፣ የአባቴ ፒካፕና ጋሽ ገመቹ የሚባሉ መካኒክ ናቸው፤ ሦስቱንም እስካሁን ሙሉ በሙሉ ይቅር አላልኳቸውም።

ትምህርት ቤት በቁቤ እየተማርን፣ ቤት በአማርኛ እየተቆጡን፣ ሰፈር ውስጥ ደግሞ በሁለቱም እየተሰደብን የምናድግበት ዘመን ነበር። ፒካፗ ከሁላችንም በዕድሜ የምትበልጥ፣ ቀለሟ አረንጓዴ ይሁን ሰማያዊ ቤተሰቡ ሳይስማማ የቀረባት አሮጌ መኪና ስትሆን፣ አባዬ ከያዮ ማርና ቡና ያመላልስባት ነበር። የሠራት ፈረንጅ ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ፣ የቤንዚኑን ታንክ ያስቀመጠው ጋቢና ውስጥ፣ ልክ ከመቀመጫው መደገፊያ ጀርባ ነው። መንገዱ ጉድጓድ በጉድጓድ ነውና ታንኩ ከጀርባችን እየተንቦጫረቀ፣ በክዳኑ ዙሪያ እያላበው፣ ከመኪናዋ የወረደ ሰው ሁሉ ለሦስት ቀን ክብሪት አጠገብ መቆም ያስፈራው ነበር።

እማዬ፣ ቅዳሴ ላይ አጠገቧ የቆሙ ሴቶች ኩራዝ የተደፋ መስሏቸው ዞር ዞር ማለት ሲጀምሩ፣ ከእንግዲህ አልሳፈርም አለች። እሷ አልሳፈርም ካለች አልሳፈርም ነው። የትውልድ ቤቷ ጎሬ ነውና ዘመድ ጥየቃ ስትሄድ በሚኒባስ ትሄዳለች፣ አባዬ ደግሞ አጠገቡ ባዶ ወንበር ይዞ፣ የሚኒባሱን አቧራ እየቃመ ከኋላ ይከተላታል። የመቱ ሰው ተጣልተው ነው አለ፣ ታርቀዋል አለ፣ እንደገና ተጣልተዋል አለ። አባዬን ያንገበገበው ግን የጎሬው ወሬ ነበር። የእማዬ ታላቅ ወንድም ጋሼ ታደሰ፣ ገና ሲጋቡ "ሹፌር አግብተሽ መንገድ ላይ ነው የምትቀሪው" ብለዋት ነበርና፣ አንድ ቀን ሚስቱን አጠገቡ አስቀምጦ በእሳቸው በር መግባት የዕድሜ ልክ ምኞቱ ሆነ። የእማዬ ታናሽ እህት የሠርግ ቀን ሲቆረጥ፣ ታንኩ ከጋቢና ይውጣ ተብሎ ተወሰነ።

ጋሽ ገመቹ ታንኩን ነቅለው ከካሶኒው፣ ከዕቃ መጫኛው ሥር፣ ከመኪናዋ ጭራ ላይ ሊያስሩት ተስማሙ፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው አሉ። እማዬ በጠየቀቻቸው ቁጥር "ረኮ ሂን ቀቡ" ይሏታል፤ ችግር የለውም ማለታቸው ነው፤ በሕይወቴ ከሰማኋቸው ቃሎች ሁሉ እንደዚህ ብዙ ችግር ያመጣብን የለም። ግማሽ ቀኑ እስከ ሠርጉ ዋዜማ ተጎተተ። መኪናዋ ደጃችን ላይ በድንጋይ ተደግፋ፣ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ሸሚዙን እያወለቀ ሥሯ ገብቶ እየተጋደመ ምክር ሰጠ፤ መምህሩ ሰጠ፣ ልብስ ሰፊው ሰጠ፣ ለሌላ ጉዳይ የመጡ የንስሐ አባታችን ሳይቀሩ ጎንበስ ብለው አይተው የበኩላቸውን አሉ። ታንኩ በነበረበት አኳኋን ከካሶኒው ሥር አልገጥም ስላለ አዞሩት፤ ሲዞር ቤንዚን የሚመጥጠው ቱቦ ወደ ፊተኛው ጫፍ ሄደ። ያ ሁሉ አማካሪ ይህ ምን እንደሚያመጣ አንዱም አላሰበም። የነዳጁ መለኪያም መሥራቱን አቆመና፣ አባዬ ሸንበቆ እየነከረ እንደ ጠላ ጋን መለካት ጀመረ።

በሠርጉ ቀን እማዬ በአዲስ ቀሚስ ጋቢና ገባች። እኔ መሐላቸው ተሸጎጥኩ። ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችና "አሁንም ይሸታል" አለች። አባዬ፣ መቀመጫው ውስጥ የሰረገ ነው፣ ይለቃል አለ። መቼም አለቀቀም።

በዚያ ሳምንት መቱ ላይ ቤንዚን ጠፍቶ ስለነበር ታንኩ ግማሽ እንኳ አልነበረም። ሜዳው ላይ በሰላም ሄድን፤ የጎሬ ዳገት ሲጀምር ግን ሞተሩ ሳል ሳል ብሎት ጠፋ። ወደ ሜዳው ተንሸራተን ስንመለስ ይነሣል፣ ዳገቱን ስንይዝ ይጠፋል። አባዬ ወርዶ ሸንበቆውን ነከረ፣ ሥሯ ገብቶ አየ፣ ወጥቶ ራሱን ይዞ ቆመ። ነገሩ የገባው ያኔ ነው፤ ዳገት ላይ ቤንዚኑ ወደ ጭራ ይሸሻል፣ ፊተኛው ጫፍ ላይ ያለው ቱቦ አየር ይመጥጣል። መኪናዋ ያንን ዳገት የምትወጣው ቂጧን አስቀድማ ብቻ ነው።

ይኸኔ ሠርገኛ የጫነ ሚኒባስ አጠገባችን ቆመና ሴቶቹ እማዬን በስሟ ተጣሩ። አባዬ ሳያያት "ውረጂና በእነሱ ሂጂ፤ እኔ ቀስ ብዬ እደርሳለሁ" አላት። እኔ በበኩሌ ለመውረድ ጓጉቼ ነበር። እማዬ የጋቢናውን በር ከፈተች፣ ሚኒባሱን አየች፣ አባዬን አየች፣ መልሳ ዘጋችው።

"በል አዙራትና ንዳ" አለችው።

ጎሬ የገባነው በኋላ ማርሽ ነው። አባዬ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ወደ ኋላ እያየ ይነዳል፤ እኔና እማዬ ፊታችን ወደ መቱ ነው፤ ቀዩ መንገድና ጫካው ከበታቻችን እየራቁ እየሰፉ ሄዱ። ሕፃናት እልል እያሉ ይሮጣሉ፣ ሽማግሌዎች ከዘራቸውን ተደግፈው ይሥቃሉ፤ እኔ ፊቴን ጉልበቴ ውስጥ ቀብሬያለሁ፤ እማዬ ግን ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ጋሼ ታደሰ በር ላይ ቆመው "እየመጣችሁ ነው ወይስ እየሄዳችሁ?" አሉ፤ ግቢው በሣቅ ፈረሰ። እማዬ ወረደች፣ በሁሉም ፊት ነጠላዋን አሸተተች፣ "ከባሌ ጋር ነው የመጣሁት" አለቻቸውና ገባች።

ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ቢሆን ታንኩን ያስተካክል ነበር፤ አባዬ ግን አላስተካከለም። ጋሽ ገመቹ፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው እያሉ በየዓመቱ ቢለምኑት፣ "ረኮ ሂን ቀቡ" ብሎ በራሳቸው ቃል ይመልስላቸዋል። አባዬ እስኪሞት ድረስ፣ ታንኩ በጎደለ ቁጥር ጎሬን በኋላ ማርሽ ወጣ፤ እማዬም እየተነጫነጨች፣ ነጠላዋን እያሸተተች፣ ከአጠገቡ ጠፍታ አታውቅም። ትምህርት ቤት የወጣልኝን ቅጽል ስም እዚህ አልጽፈውም።

አሁን ፒካፗ ግቢያችን አቮካዶው ሥር ቆማለች፤ መቀመጫዋ ላይ ዶሮ ይፈለፍላል። መንገዱ አስፋልት ሆኗል፤ ባለፈው ሳምንት ሚኒባሱ ያንን ዳገት ሙዚቃውን እንደከፈተ ሽው ብሎ ወጣው። እማዬ አሁን አርጅታለች፤ ጎሬ ስንወርድ ክንዴን ይዛ ቆመችና የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ለረጅም ጊዜ አሸተተችው።

"ምንም አይሸትም" አለችኝ፣ ያኔ አባዬን ትቆጣበት በነበረው ድምፅ።

ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አየሁት። የተደፋብኝ ቤንዚን እንኳ መንገድ ላይ ተንኖ አልቋል።