ዋልካ ላይ የተመታች ኳስ

ባለቤቴ ትራክተር ነጂ ከመሆኑ በፊት ካርቱም ውስጥ የጎልፍ ሜዳ ጥበቃ ነበር። ሣር የሌለው የአሸዋ ሜዳ ነው ይላል። ጨዋታውንም ቆሞ በማየት የተማረው እዚያ ነው።

አንድ ቅዳሜ ለልጃችን ጫማ ልንገዛ መተማ ዮሐንስ ገበያ ሄደን፣ ከድንበር ማዶ ከገላባት በገባ ሰልባጅ መካከል ሦስት የጎልፍ መምቻ ብረቶች አየና ቆመ። ሻጩ ምንነታቸውን አያውቅም።

«የእባብ መምቻ ነው። አንዴ ካሳረፍክበት አይነሳም» አለ።

እኔም አላወቅሁም። «ጫፋቸውማ ሁሉም ተጣሟል፣ ቀንስ እንጂ!» ብዬ ተከራከርኩ። ቀነሰ። ጥቂት ኳሶችም መረቀልን። ባለቤቴ እስክንርቅ ሳቁን አምቆ፣ «አንቺ ባትኖሪ ማን በዚህ ዋጋ ይሰጠኝ ነበር?» አለኝ።

የምንኖረው እዚያው መተማ አቅራቢያ ኮኪት ነበር። ሰሊጡ ሲነሳ ከቤታችን ጀርባ ባለው ባዶ መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፈረ፤ ኳሷ እንድትንከባለልለት ዙሪያውን አሸዋ አልብሶ ከትራክተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት ረጨበት። ካርቱምም እንዲህ ያደርጉ ነበር አለ። ጎረቤታችን አሮጊቷ በአጥር እያዩ ይተርቡታል።

«ገና በዓመት አንዴ ነው። የአንተ ገና አያልፍም እንዴ?»

«የእኔ እሩር እየጠፋች አስቸገረችኝ፣ እማማ! ስፈልጋት ነው ዓመቱ የሚያልቀው።»

ልጃችን አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ አብራው ትጫወታለች። እኔ ግን አላርፍ አልኩ። አራተኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን «ብረት መብረቅ ይስባል» ያሉት ከጆሮዬ አልወጣም። በዚያ ሜዳማ አገር ክረምት ሲገባ መብረቅ ሰውም ከብትም ይመታል። ስለዚህ ደመና ከታየ ጀምሮ ብረቶቹ አልጋ ሥር ይገባሉ፤ ሰማዩ እስኪጠራ አይወጡም። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲያባራ ባለቤቴ አንዴ ለመነኝ።

«ጭቃው ኳሷን ይውጣት እንደሆነ እንጂ ምን ይመጣል?»

«ልጄን አላስመታም» አልኩት። ተወ።

በበጋ ግን ለቀቅኋቸው። ፀሐዩ ብረቱን ስለሚያግለው እጀታውን በጨርቅ ጠመጠምኩላቸው፤ አቧራ ሲነሳ እጠራቸዋለሁ። ዓይኔ ሰማይ ሰማዩን ነበር። ዋልካ አፈር በበጋ ተሰንጥቆ ክንድ የሚውጥ ንቃቃት እንደሚከፍት፣ እዚያም ውስጥ ምን እንደሚተኛ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ያደግሁበት መሬት ነው።

መጋቢት ውስጥ ኳሷ ንቃቃት ገባች። እኔ ደጅ ተቀምጬ ማሽላ እያበጠርኩ ነበር። ልጄ ተንበርክካ እጇን ልትሰድ ስትል አባቷ ክንዷን ይዞ ወደ ኋላ ሳባት። «ቆይ፣ እኔ ላውጣት» ሲል ሰማሁ። በብረቱ ለምን እንዳልቆሰቆሰ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም። እጁን ሲያወጣ ኳሷን ይዟል፤ ከአውራ ጣቱ ሥር ሁለት የደም ነጥብ አለ።

በጭነት መኪና ጎንደር አደረስነው። ነፍሱ ተረፈች። ሦስት ጣቶቹ ግን ተቆረጡ፤ ቀኝ እጁ መሪ አይጨብጥም። ባለ እርሻው ሌላ ነጂ ቀጠረ።

ሰኔ ገባና ንቃቃቱ ሁሉ ተዘጋ። መሬቱ ምንም እንዳልነካ ለስልሶ ተኛ። አንድ ቀን ሲያካፋ ብረቶቹን ከአልጋ ሥር አውጥቼ፣ «ከልጅህ ጋር ተጫወቱ» አልኩት። አንዱን በግራ እጁ ተቀበለኝና ውጭውን አየ። ከሩቅ ነጎደ።

«መብረቁስ?» አለኝ።

ልጄ በራፉ ላይ ቆማ ታየኛለች። ብረቱን ከእጁ ተቀብዬ መልሼ አልጋው ሥር አስገባሁት።