ድቤውን መቼ መቱ?

ዛሬ ከምርመራ ክፍል ወጥቼ ልጨፍር ምንም አልቀረኝም!

እዚህ ሐይቅ ከተማ፣ በምሠራበት ጤና ጣቢያ፣ ራስ ምታትና ጨጓራ እያሉ የሚመላለሱ እናት አሉን። «እንዴት ነዎት?» ስንላቸው «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ፤ እኛም የጨጓራ መድኃኒት ሰጥተን እንሸኛለን።

(ወሎዬን «እንዴት ነህ» ብሎ በሽታ ያገኘ ሐኪም ካለ ይሸለም!)

ዛሬ ግን የሰርግ ድቤ መቺ መሆናቸው ትዝ አለኝና «እማማ፣ ድቤውን ለመጨረሻ ጊዜ መቼ መቱ?» አልኳቸው።

እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። «ተይኝ ልጄ፤ ሰርግ ሲጠሩኝ በሬን ዘግቼ እተኛለሁ።»

ስለ እንቅልፍና ስለ ምግብ ስጠይቃቸውማ ሁሉም ተዘረገፈ። የድብርት ሕመም ነው! ይታከማል፤ ዛሬውኑ ጀመርን።

ሲወጡ «ኢንሻአላህ ያንቺን ሰርግ እመታለሁ» አሉኝ። (ሙሽራ ፈልጉልኝ እንግዲህ!)

የጻፍኩት በፈቃዳቸው ነው። እናንተስ ቤት «አልሐምዱሊላህ» እያለ ድቤውን የሰቀለ ሰው የለም?