ከአ ቤት ማን ይቀድማል

መካነ ሰላም ውስጥ ድንኳን፣ ወንበርና የድግስ ዕቃ በሚያከራይ ቤት የተቀጠርኩት ለዕቃ አጣቢነት ነበር። ከሰርግ የሚመለስ ብረት ድስት ቂጡ እንደ ከሰል ጠቁሮ ይመጣል። እኔና ጓደኛዬ ጓሮ ቁጭ ብለን በአመድና በሽቦ እንፈትገዋለን። ጓደኛዬ ታወራለች፤ እኔ እሰማለሁ። በዚህ ተስማምተን እንኖር ነበር።

አንድ ቀን ከኮምፒውተሩ ፊት የምትቀመጠው ልጅ ራሷ ተዳረችና ሄደች። ድንኳኑንም በቅናሽ ወሰደች። የቤቱ ባለቤት እትዬ ወደ ጓሮ ብቅ ብለው፣

«ከእናንተ ማንበብ የምትወድ ማናት?» አሉ።

«እሷ ናት» አለች ጓደኛዬ በሽቦው ወደ እኔ እየጠቆመች። «ዝም ስለምትል ነው እንጂ የሳሙና ካርቶን ሳይቀር ታነባለች።»

የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በፊት በመንደሬ በበለስ ውሃ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዋርካ ሥር፣ ፊደል ቆጥሬያለሁ። ይህንን ለእትዬ ለመናገር ስዘጋጅ እሳቸው እጄን በቀሚሴ አስጠርገው ወንበሩ ላይ አስቀምጠውኝ ነበር።

«እስከ ጥምቀት እንየው» አሉኝ። «የተከራዮቹ ሰልፍ ከተጓተተ የእህቴን ልጅ ከደሴ አመጣለሁ፤ አንቺም ወደ ድስትሽ።» በክፋት አልነበረም የተናገሩት። ከጥምቀት በኋላ ሰርግ እንደ ዝናብ ስለሚወርድ ነው።

ያቺን ወንበር ወደድኳት። ጠዋት ጠዋት በመስኮቱ ፀሐይ ትገባለች። እጄ መሰንጠቁን ተወ። ማን ለማን እንደሚዳር ከአገሩ ሁሉ ቀድሜ እሰማለሁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ሰው ሲያናግረኝ መሬት መሬት የማየው እኔ፣ ስክሪን ስክሪን ማየት ሥራዬ ሆነልኝ። ሰው ፊት ቀና ብዬ አለማየቴን ማንም እንደ ዓይን አፋርነት አይቆጥርብኝም፤ ትጉ ናት ይሉኛል።

የኮምፒውተሩ ፎርም ከባድ አይደለም። የተከራዩ ስም፣ የሚወስደው ዕቃ፣ የሚመልስበት ቀን ይጻፋል። መንደሩ ግን አይጻፍም፤ ይመረጣል። ከሳጥኑ ጫፍ ያለችውን ትንሽ ቀስት በማውስ ስነካት የመንደሮች ዝርዝር እንደ መጋረጃ ወደ ታች ይለቀቃል። የሰውየውን መንደር ፈልጌ እጫናለሁ፣ ወረቀቱ ይወጣል፣ የአይሱዙው ሾፌር ወረቀቱን አይቶ ጭኖ ይሄዳል። መንደር ከተሳሳተ ድንኳኑ ሌላ ሰው ሰርግ ላይ ይተከላል። ስለዚህ ስክሪኑ ወደ መስኮቱ ዘወር ብሎ ነው የሚቀመጠው፤ ተከራዩም አይቶ እንዲያረጋግጥ።

ችግሩ ዝርዝሩ ነበር። መንደሮቹ የተሰለፉት በአመጣጣቸው ነው። ቤቱ ሲከፈት መጀመሪያ የተከራየው መንደር ከላይ፣ ትናንት የመጣው ከታች። ከእኔ በፊት የነበረችው ልጅ አንድ በአንድ ስለመዘገበቻቸው በልቧ ታውቃቸዋለች። እኔ ግን ቀስቷን ነክቼ ወደ ታች እወርዳለሁ፣ ወደ ላይ እወጣለሁ፣ ደግሞ እወርዳለሁ። ዓይኔ እንባ እስኪያቀርር።

«ልጄ፣ መንደራችን ጠፋች እንዴ?» አለኝ አንድ የሙሽራ አጎት። «ጠዋት ስወጣ እዚያው ነበረች።»

«አርሰዋት ይሆናል» አለ ከኋላው የቆመው። «መሬት ጠቧል።»

ሰልፉ ሳቀ። እትዬ ግን አልሳቁም፤ ከኋላዬ ሲተነፍሱ ይሰማኛል።

ፎርሙን የሠራው ከመንገዱ ማዶ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ልጅ ነው። እሱን መጠየቅ እንዳለብኝ ገባኝ። ግን እንዴት ብዬ? ሱቁ ድረስ እሄድና ባንኮኒው ጋ ስደርስ አፌ ይያዛል። ያኔ ዓይኔ ያረፈበትን እስክሪብቶ ገዝቼ እመለሳለሁ። በሌላው ቀንም እንዲሁ። በመጨረሻ እሱ ራሱ፣

«እህቴ፣ ይሄ ሁሉ እስክሪብቶ ምን እየተጻፈበት ነው?» አለኝ።

«መንደሮቹ በሀሁ ቢደረደሩ ብዬ ነው።»

«ይህንን ለመናገር ነው ሱቄን ባዶ ያደረግሽው?»

በምሳ ሰዓት መጣ። ራሱ እንዲሠራው ወንበሩን ብለቅለት እንቢ አለ። «እጅሽን ማውሱ ላይ አድርጊ። እኔ ከሠራሁት ነገም እስክሪብቶ ልትገዢ ነው።»

ፎርሙን ከፈትነው፤ ግን በሌላ በኩል። ልብስ ተገልብጦ ስፌቱ እንደሚታይ ዓይነት ነው። የመንደሩን ሳጥን ነካሁ። ዝርዝሩ ከየት እንደሚመጣ የሚናገር መስመር አለ፤ ከመስመሩ ጫፍ ሦስት ነጥቦች። ነጥቦቹን ስጫን ትንሽ ሰንጠረዥ ተከፈተ። ከመንደሩ ስም ግርጌ «ሶርት» የሚባል፣ አደራደሩ የሚመረጥበት ባዶ ቦታ አለ።

«እዚያ ላይ አሴንዲንግ የሚለውን ምረጪ» አለኝ።

«ምን ማለት ነው?»

«ወደ ላይ መውጣት። ከሀ ጀምሮ እስከ ፐ።»

«ዝርዝሩ ወደ ታች አይደል እንዴ የሚወርደው?»

«እሱን እንግሊዞቹን ጠይቂያቸው።»

መረጥኩ። እንዳስቀምጠው ሲነግረኝ ግን ጣቴ እንቢ አለ። አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው።

«የተከራዩት ሰዎችስ?»

«ምን ሆኑ?»

«መንደሮቹ ቦታ ሲቀያየሩ አብረው አይዞሩም? ትናንት ድንኳን የወሰደው ሰውዬ ዛሬ የሌላ መንደር ሰው ሆኖ ቢገኝስ?»

ይስቅብኛል ብዬ ነበር። አልሳቀም። «ተማሪዎች በቁመት ሲሰለፉ ስማቸው ይቀየራል?» አለኝ።

«አይቀየርም።»

«በይ ጫኚው።»

ጫንኩት። ወዲያው የትናንቱን ሰውዬ ከፈትኩ፤ እዚያው መንደሩ ላይ፣ ከነድንኳኑ አለ። ያኔ ነው ትንፋሽ የመጣልኝ። ከዚያ ቀስቷን ስነካት መንደሮቹ በሀሁ ተሰልፈው ወረዱ። እውነቱን ለመናገር፣ የታጠበ ድስት በፀሐይ ተደርድሮ ሲያበራ እንኳ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አንድ ነገር ብቻ አላማረኝም። ከሀ በላይ፣ ከሁሉም አናት፣ ፈረስ ሜዳ ተቀምጣለች።

«እሷ ምን ትሠራለች እዚያ? ፈ መጨረሻ አይደል?»

«ከፊቷ ባዶ ቦታ ተጽፏል። ማሽኑ ባዶውን ያስቀድማል።»

ሳትጠራ ከወንበሩ ራስ ላይ የተቀመጠችውን ፈረስ ሜዳን ባዶዋን አጥፍቼ ወደ ቦታዋ ሸኘኋት።

ከሰዓት በኋላ ሰልፉ እየቀለለ ሄደ። ሰውየው መንደሩን ሲጠራ በልቤ ሀ ለ ሐ መ እያልኩ እወርዳለሁ፤ ፊደሉ ላይ ስደርስ መንደሩ ቆሞ ይጠብቀኛል። አንዳንዴ ከልቤ ያመልጥና ከንፈሬ ላይ ይመጣል። ጓደኛዬ ውሃ ይዛ ስታልፍ፣

«አብሽሪ፣ ከበሮ ብቻ ነው የቀረሽ» አለችኝ።

የኔታ የመጡት በገበያ ቀን ነው። የአምባ በር ደብር መምህር ናቸው። እትዬ ቤቱን ሲከፍቱ የመጀመሪያውን ድንኳን የተከራዩት እሳቸው ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ የአምባ በር ሰው ሰርግም ሆነ ተዝካር ካለበት በእሳቸው ቃል ወደ እኛ ይመጣል። አሁን የልጅ ልጃቸውን ሊድሩ ነው። እንደ ልማዳቸው በትራቸውን ተደግፈው በመስኮቱ አጎነበሱና ስክሪኑ ላይ የተለቀቀውን ዝርዝር አዩ። ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋሉ፤ ከዚያ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ሰላምታ ይሰጣሉ። ዛሬ ግን ራሳቸውን አልነቀነቁም።

«አምባ በር የት ሄደች?»

ያኔ ገባኝ። እሳቸው የሚያዩት ዝርዝር አልነበረም፤ የማዕድ መቀመጫ ነው። አምባ በር ከላይ ነበረች፣ በክብር ቦታዋ። እኔ ነኝ አንስቼ መሀል የከተትኳት።

እትዬ ዘለው ተነሡ። «አለች የኔታ፣ ኮምፒውተሩ ነው እኮ» አሉና ጆሮዬ ላይ፣ «ምን አድርገሽ ነው? ወደነበረበት መልሺው። አሁኑኑ» አሉኝ።

መመለስ እችላለሁ፤ «ሶርት» ላይ የመረጥኩትን ማጥፋት ብቻ ነው። ግን ሰልፉ በሩን አልፎ መንገድ ደርሷል። ብመልሰው መንደር ስፈልግ ውዬ ጥምቀት ሳይደርስ ወደ ድስቱ ነኝ። ባልመልሰው የኔታ ተቀይመው አምባ በርን ይዘዋት ይሄዳሉ፤ ያኔም ወደ ድስቱ ነኝ። ሁለቱም መንገድ ጓሮ ነው የሚያወጣው። ከስክሪኑ ላይ ቀና አልኩ።

«የኔታ፣ በሀሁ ነው።»

«አልሰማሁም።»

«በሀሁ ነው የተደረደሩት።»

«ማን አዘዘ?»

«እኔ ነኝ።»

በትራቸውን ከመሬት መታ አደረጉ። «ሀሁ የሕፃን ነው። ሀሁን የጨረሰ ወዴት ይሻገራል?»

«ወደ አቡጊዳ።»

«አቡጊዳ በማን ይጀምራል?»

«በአ።»

«አምባ በርስ?»

«በአ።»

ወደ ሰልፉ ዞሩ። «ፍረዱኝ እንግዲህ።»

ከኋላቸው የቆሙት የፈረስ ሜዳ ሰው ናቸው፤ ጥምጥማቸውን ያሳመሩ የከብት ነጋዴ፣ ለልጃቸው ኒካ ወንበር ሊከራዩ የመጡ። «ወላሂ እውነትዎን ነው የኔታ» አሉ። «በእኛም ዐረብኛ ከፊት ያለው አሊፍ ነው።»

«በእንግሊዝኛም ኤ ነው የሚቀድመው» አለ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ፤ ወረቀት ሊያደርስ መጥቶ በር ላይ ቆሞ ነበር።

«አየሽ» አሉኝ የኔታ። «ግእዙም፣ ዐረቡም፣ ፈረንጁም አምባ በርን አስቀድሟል። አንቺ ብቻ ነሽ ያስቀረሽን።»

«እኛስ ምን እንበል?» አሉ የከብት ነጋዴው። «ፈረስ ሜዳን ከፐ በላይ ጥላን ዝም ብለን ወረፋ ይዘናል።» ለጥቂት ደቂቃ ከሀ በላይ ተቀምጠው እንደነበር አልነገርኳቸውም።

ሰው ሲስቅ የኔታም ፊታቸው ትንሽ ፈታ አለ። «እስኪ አግኚልን በይ፣ በዚህ በሀሁሽ።»

ጀመርኩ። መጀመሪያ በሹክሹክታ፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። በትራቸው መሬቱን መምታት ጀመረ። እሳቸው አስበውበት አይመስለኝም። መምህር ፊደል ሲቆጠር ሰምቶ እጁ ዝም አይልለትም። ሠ፣ ረ፣ ሰ። ከሰልፉ አንድ ሁለት ድምፅ ተጨመረ። ቀ፣ በ፣ ተ። በር ላይ ያሉትም ያዙ። ኀ፣ ነ። አ ላይ ስንደርስ በትሩ ቆመ።

«ከአ ቤት ማን ይቀድማል?» አሉ።

ወደ ስክሪኑ አየሁ። «አምባ በር።»

«ከዚያስ?»

«አቧራ ሜዳ። ከዚያ አጋም ውሃ።»

አቧራ ሜዳ ከገደሉ ማዶ ያለችው ጎረቤታቸው ናት። ታቦት በማጀብም፣ ድግስ በማሳመርም ከአምባ በር ጋር ስትፎካከር የኖረች። የኔታ ስሟን ሲሰሙ ጣታቸውን አንድ በአንድ እያጠፉ ለራሳቸው መቁጠር ያዙ።

«በሀሁ መ ከበ ይቀድማል» አሉ ቀስ ብለው። «በአቡጊዳ ግን አ ካለ በኋላ ወዲያው የሚመጣው…»

«በ ነው» አልኩ።

«አቧራ ሜዳ ትቀድመን ነበር ማለት ነው። ከአገሩ ሁሉ በላይ ትቀመጥ ነበር።»

«ይመስለኛል የኔታ።»

በትራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ከአ ቤት አውራዋ እኛ ነን አልሽ?»

«አዎ የኔታ።»

«እንግዲያ በሀሁ ይሁን። ፊደል ፊደል ነው፤ አይነካም።» ይህንን ብለው ወደ እትዬ ዞሩና፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ፣ «እንዴት ከረማችሁ» አሏቸው።

ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ድስቱን መዘገብኩላቸው። ወረቀቱ ሲወጣ «አንቺም ለሰርጉ ነይ» አሉኝ። እትዬ ማታ ሲዘጉ ቁልፉን እያዞሩ፣ «የእህቴ ልጅ እዚያው ደሴ ትማር» አሉ። ጓደኛዬ ከጓሮ ሰምታ ድስቱን በሽቦው እንደ ከበሮ መታችው።

ለሰርጉ ከድንኳኑ ጋር በአይሱዙው ሄድኩ። ሰው ሞልቷል። እንደ ልማዴ ከምሰሶው ኋላ ልቆም ስል የኔታ በበትራቸው ጠሩኝ።

«ኮምፒውተሩ በሀሁ ይሁን ብያለሁ። ድንኳኑ ውስጥ ግን በአቡጊዳ ነው። ከየት ነሽ አንቺ?»

«ከበለስ ውሃ።»

«ከአ ቀጥሎ በ። ነይ እዚህ፣ ከእኛ አጠገብ።» ከባለቤታቸው ጎን አስቀመጡኝ። እጄን የት እንደማደርገው ጠፍቶኝ ጭኔ ላይ አጣጠፍኩት።

«አቧራ ሜዳዎችም እኮ መጥተናል የኔታ» አለ አንድ ሰው ከደጅ እየገባ። «በአቡጊዳ ከሆነ መንገድ ልቀቁልን።»

«እናንተ በሀሁ ናችሁ» አሉት የኔታ። «ከእኛ ቀጥላችሁ ተቀመጡ።»