ባለቤት ያለው መንገድ

ትእዛዙ የደረሰን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ሻለቃ ጦሩ ወደ ወንዙ ወርዶ ዳርቻውን እንዲይዝ፣ የእኛ ጓድ ደግሞ በሸምበቆው መሃል ያለውን መግቢያ እንዲዘጋ ተባለ። አስራ አንድ ነበርን። አዛዡ እኔ ነኝ፤ ማዕረጌ አስር አለቃ።

አሁን ቀጨኔ ተቀምጬ ይህን የምጽፈው የሰፈሩ ልጆች «ጦርነት እንዴት ነው?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ ነው። ጀግንነት የፈለገ ሌላ ሰው ይጠይቅ።

መትረየስ ተኳሻችን ታደለ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነበር። እሱም እኔም ወንዝ ብለን የምናውቀው በድንጋይ ላይ ዘለን የምንሻገረውን፣ ፌስታል የሚወርድበትን የሰፈራችንን ወንዝ ነው። እዚያ ስንደርስ አፋችንን ከፍተን ቀረን። ውሃው ሰፊ ነው። አሸዋው ላይ አዞ ተዘርግቷል፤ ነጫጭ ወፎች ረግረጉን ሞልተውታል። ታደለ «እዚህ ቦታ ጦርነት ይዞ መምጣት ነውር ነው» አለ።

መግቢያው ከሜዳው ተነስቶ፣ ሸምበቆውን ሰንጥቆ እስከ ውሃው የሚወርድ የተደለደለ መንገድ ነበር። ለቁፋሮ ስለሚመች ምሽጋችንን እዚያው ላይ ቆፈርን። አመሻሹ ላይ መረቡን ተሸክሞ ወደ መንደሩ የሚመለስ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ አይቶን ቆመ።

«ልጆቼ፣ ከዚህ ተነሱ። ይህ መንገድ ባለቤት አለው።»

«ማነው ባለቤቱ፣ አባባ?» አልኩት።

«ጎህ ሲቀድ ከኋላችሁ ይመጣል። አትቁሙበት።»

ከዚያ በላይ አልተናገረም፤ ሄደ። ጠላት በሜዳው ዞሮ ሊመጣብን ነው፣ ሰውዬው ፈርቶ በደፈናው ነገረን ብዬ አመንኩ። መረጃ አገኘሁ ብዬ እንዲያውም ደስ አለኝ። መትረየሱን ወደ ሜዳው አዞርን።

ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል። ሰማዩ ገና ድንግዝግዝ ነው። ሣሩ ተንኮሻኮሸ። ትንፋሽ ሰማን።

ታደለ ቀስ ብሎ «አስር አለቃ፣ ይሄ የሰው አረማመድ አይደለም» አለኝ።

«ተኩስ!»

«ትንሽ እንይ እንጂ።»

«ተኩስ ብዬሃለሁ!»

ተኮሰ። ከባድ ነገር ወደቀ። አንድ ቀጭን ጩኸት ተከተለና እሱም ቆመ። የመትረየሱን ብልጭታ ግን ከወንዙ ማዶ ያለው ጠላት አይቶታል። ብዙም ሳይቆይ ሞርታር ወረደብን። ሦስተኛው መትረየሱ ላይ አረፈ።

ሲነጋ ተኩሱ በረደ። ከምሽጋችን አስር እርምጃ ላይ ጉማሬ ወድቃለች፤ ግልገሏ ከጎኗ። ሌሊቱን ሜዳው ላይ ስትግጥ አድራ ወደ ውሃዋ መመለሷ ነበር። በዚያ ወንዝ ዳር ሰው ጉማሬን በስሟ አይጠራትም፤ ስሟን ከሰማች ጀልባ ትገለብጣለች ይላሉ። «ባለቤት» የሚሏት ለዚህ ነው።

ሽማግሌው ሲመጣ ጮህኩበት። «ለምን በግልጽ አልነገሩንም?»

«ነግሬአችሁ ነበር» አለ። አልተቆጣም። «ውሃው ወደ ረግረጉ የሚገባው እሷ በረገጠችው ቦይ ነው። ዓሣው እዚያ ይረባል፤ ወፉም ዓሣውን ብሎ ይመጣል። እንግዲህ ሸምበቆው ይዘጋዋል።» ከዚያ ሬሳዎቻችንን አይቶ አለቀሰ። እኔ ማልቀስ አቃተኝ።

ታደለንና ሁለት ጥይት አቀባዮቹን ቀበርን። አስራ አንድ ሆነን ወርደን ስምንት ቀረን። ሪፖርቱ ላይ «በጠላት ከባድ መሣሪያ ተሰዉ» ተብሎ ተጻፈ። ውሸት አይደለም። ስለ ጉማሬዋና ስለ ግልገሏ የተጻፈ ነገር የለም።

ከጦሩ ስመለስ ሽሮ ሜዳ ወደ ታደለ እናት ሄድኩ። ከስምንታችን አንዱ ቀድሞኝ የጉማሬዋን ነገር አውርቶላቸው ኖሯል። እጄን ይዘው አስቀመጡኝ።

«እንስሳ ላይ ተኩሶ ነው አሉኝ» አሉ። «ልጄ መቼም ከትንሽነቱ ችኩል ነበር። ሳያይ ነው የተኮሰው፣ አይደል?»

አንገቴን ደፋሁ። እሳቸውም ዝምታዬን እንደ አዎንታ ቆጥረው «ይቅር ይበለው» አሉ።

«እንይ» ያለው እሱ ነበር። ይህን ሳልነግራቸው ሞቱ።